ሙሴ ብስክሌታቸውን ሲያድሱ

የአሠሪዬን ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ካቴናው ከእጃቸው ሲወድቅ ላነሳላቸው ብዬ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን ሰፈር ያለው ቤታቸው በረንዳ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ብስክሌቱን ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው አቁመውት፣ ከቁርስ ጀምሮ አንዲት ትንሽ የካቴና ማያያዣ ለመግጠም ይታገሉ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ማያያዣዋ ከጣታቸው ታመልጣለች፤ ጎንበስ ብለው ፈልገው ያነሷታል፤ እንደገና ታመልጣለች። በመጨረሻ ካቴናው እንዳለ ተንሸራቶ እግራቸው ስር ሲከመር ተመለከቱት። አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ወጣሁና «ልያዝልዎት ሙሴ?» አልኳቸው።

ሙሴ ስማቸው አይደለም። ፈረንሳዮቹ «መስዩ» የሚሉትን እኛ ሐበሻ ሠራተኞች ወደ አፋችን አምጥተን ሙሴ እንላለን፤ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፎ እንኳ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸውን እያሸ፣ ክር የሚፈትል ይመስላል።

«እጅሽ ይቆሽሻል» አሉኝ።

«ይታጠባል።»

ጎናቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እኔ እገጥማለሁ። ማያያዣዋ ቀጭ ብላ ስትገባ እንደ ልጅ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም ይሆናል፤ ነገሩ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን በምን አውቄ።

ጅቡቲ ያመጣኝ የአክስቴ ልጅ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ሲመላለስ ዕድሜው ያለቀ ሰው። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። አዲሱ ባቡር ገና ወሬ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው፤ አስፋልቱ በኛ ሰው መኪና ጢም ብሎ ይውል ነበር። «አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ቤት የምትይዝለት ሰው ይፈልጋል፤ ልጅ የለበት፣ ውሻ የለበት፣ ጸጥ ያለ ቤት ነው» ብሎ አመጣኝ። እውነቱን ነው፤ ጸጥ ያለ ነበር። ሙሴ በጉልምስናቸው የመንገድ መሐንዲስ ሆነው መጥተው፣ ሥራቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው የሞተችው እዚሁ ነው። አንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ፈረንሳይ ትኖራለች፤ በሳምንት አንዴ ትደውላለች።

ስመጣ ገና ጤነኛ ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትበረታ በዚያ ብስክሌት ወደ ዶራሌ በኩል ይሄዱና ሸሚዛቸው ላይ ላባቸው ደርቆ እንደ ካርታ ነጭ መስመር ሠርቶ ይመለሳሉ። ብስክሌቱ የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ጥርሳም፣ ብዙ ማርሽ ያለው። ከተመለሱ በኋላ ከራሳቸው በፊት እሱን ነበር የሚያጥቡት። ጨው ይበላዋል ይሉ ነበር። ኋላ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እግራቸው መጎተት አመጣ። ብስክሌቱ ዕቃ ቤት ገባ። የጅቡቲን በጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ጨው ነው። ዕቃ ቤት የተዘጋበት ብረት ሁሉ ቡናማ ዱቄት ያበቅላል።

ከዚያ አንድ ቀን ከሐኪም ተመልሰው ወደ ሳሎን ሳይገቡ በቀጥታ ዕቃ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው።

«ሐኪሙ ምን አሉ ሙሴ?»

ብስክሌቱን ከግድግዳው እያላቀቁ ነበር። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ካቴናው ዝጓል» አሉ።

ሌላ ነገር አልነገሩኝም። በሽታው ፓርኪንሰን እንደሚባል፣ መድኃኒቱ እንደሚያዘገየው እንጂ እንደማይመልሰው የሰማሁት ከልጃቸው ነው፤ እሷ በስልክ ቀስ እያለች፣ ቃሉን እየከፋፈለች አስረዳችኝ። የኔ ፈረንሳይኛ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው። ሽንኩርት፣ ብረት ድስት፣ በቃ፣ ትንሽ ጨው። እሱንም የለመድኩት በሙሴ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ግን የብስክሌት ፈረንሳይኛም ተማርኩ።

አብረን የገጠምነው አሮጌ ካቴና ዝገቱ አልለቅ ስላለ አዲስ አስፈለገ። አዲስ ካቴና ጅቡቲ ውስጥ አልጠፋም ነበር፤ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ብስክሌት የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ያለው ግን ለተራ ብስክሌት የሚሆን ወፍራሙ ነው። የሙሴ ብዙ ማርሽ ስላለው ቀጭን ይፈልጋል። ለጋሼ ደወልኩለት።

«የብስክሌት ካቴና? ከአዲስ አበባ?» ብሎ ሳቀብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ወደቡ አፍንጫችሁ ስር አይደለም እንዴ? እኔ ኮንቴይነሩን ከናንተ ጭኜ መርካቶ አራግፌ፣ ከመርካቶ ገዝቼ መልሼ ላመጣልሽ?»

«እንግዲህ ምን ላድርግ።»

«ሰውየው ሊነዳ ነው?»

«ኧረ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» አልኩት። ያኔ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አመጣልኝ። የዛገው ወጥቶ አዲሱ የገባ ለት ሙሴ ብስክሌቱን አሁንም ገልብጠው ፔዳሉን በእጃቸው አሽከረከሩት፤ ካቴናው ግን ቆርር እያለ ከሚይዘው የማርሽ ጥርስ ላይ ይዘላል። አዲስ ካቴና ለምን እንደሚዘል አልገባኝም። እሳቸው አሮጌውን አንስተው ከአዲሱ ጎን ዘረጉልኝ። የቀለበቶቹ ብዛት እኩል ሆኖ አሮጌው ረዝሞ ታየኝ። ብረቱ አልተለጠጠም፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ተበልቶ ነው፤ ጥርሱም አብሮት ተበልቷል። ሁለቱ አብረው ስላረጁ ይግባቡ ነበር። አዲሱ ሲመጣ የጥርሱ ማርጀት ታወቀ።

ስለዚህ ጥርሱ መቀየር አለበት። ጋሼ በሚቀጥለው ጉዞው የኋላውን ጥርስ አመጣ። እሱ ሲገባ የፊተኛው መዝለል ጀመረ። የፊተኛው ሲመጣ ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲንጫጫ ተሰማ፤ ከፍተን ስናየው ውስጡ ውሃ የጠጣ ግራሶና ጥይት የሚባሉት የዛጉ የብረት ኳሶች ሆኖ ተገኘ። እሱን ለማውጣት አንድ ከሰዓት ሙሉ ታገልን። የብሎን መፍቻ ቁልፉን እኔ ይዤ፣ እሳቸው በእግራቸው ቁልፉን እየረገጡ፤ አልንቀሳቀስ አለ። ዘይት አፍስሰን አሳደርነው። በማግስቱም እንቢ አለ። በመጨረሻ የጎረቤቱ ዘበኛ፣ ትከሻው ሰፊ የሶማሌ ሰው፣ ረዥም የውሃ ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ በአንድ ጉልበት ሲያላቅቀው ሙሴ ተነስተው ጨበጡት። እጃቸው እጁ ውስጥ ሲርገፈገፍ ዘበኛው ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። አንዱን ስናድስ የሚቀጥለው ይጮሃል። የማርሹ ሽቦ፣ ከዚያ ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ፣ ከዚያ ካቴናውን ከማርሽ ማርሽ የሚገፋው ክንድ ራሱ። ጋሼ ያመጣው ሁሉም ልክ አልነበረም፤ አንዳንዱ በአንድ ሚሊሜትር ይሰፋል፣ አንዳንዱ ጥርሱ አይገጥምም። ያልገጠመውን ሙሴ አይጥሉትም፤ በቆርቆሮ ጣሳ ያስቀምጡታል። በረንዳው የዕቃ ሱቅ መሰለ። እኔ ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ይገኛል።

በዚያው ጊዜ እሳቸው እየባሱ ነበር። መጀመሪያ ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቃታቸው፤ እኔ መቆለፍ ጀመርኩ። ከዚያ ሾርባ በማንኪያ መጠጣት ቀረና በኩባያ ሆነ። ከዚያ ከበር ሲወጡ እግራቸው ደፉ ላይ ይጣበቅባቸው ጀመር፤ መሬቱ የያዛቸው ይመስል ቆመው ይቀራሉ፤ እጄን ስዘረጋላቸው ነው የሚራመዱት። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብሬያቸው ተቀምጬ ብሎን አጠብቃለሁ። ምን ልበላቸው? ተዉት ብል ምን ይዘው ይውላሉ? ቀጥሉ ብል የት ይደርሳሉ? በሁለቱ መሀል ሆኜ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ እንደ መስማማት ይቆጠራል።

አንድ ጊዜ ከፈረንሳይ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ሻንጣውን ሲከፍት ግማሹ የብስክሌት ዕቃ ነው። ለካ ሙሴ ደብዳቤ ጽፈው አዝዘውት ኖሯል። የፊት ጎማውን የሚይዝ ባለ ሞላ አዲስ ሹካ፣ ከዚያ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ፍሬን። የድሮው ፍሬን የጎማውን ጠርዝ በላስቲክ ቆንጥጦ የሚያቆም ነበር፤ በሙሉ ጭብጥ ካልጨመቁት አይዝም። አዲሱ እንደ መኪና ፍሬን ነው፤ ዘይት አለው፤ ከጎማው መሀል የሚዞር ቀጭን የብረት ሳህን አለ፣ እሱን ነው የሚይዘው። ጎማዎቹንም ባልደረባቸው ለብቻ በካርቶን ይዞ መጥቷል።

«ይህኛው ጉልበት አይፈልግም» አሉኝ ሙሴ፤ ዓይናቸው ያበራ ነበር። «በአንድ ጣት ብቻ። ተመልከቺ፤ በአንድ ጣት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ጭብጣቸው ስለደከመ ነው ያስመጡት። ሊነዱት ነው።

ባልደረባቸው ምሳ በልቶ ሲጨርስ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ሳህኑን ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር። ባውቅ ኖሮ አላመጣውም» አለኝ።

«ለምን አይነግሯቸውም?» አልኩት።

ወደ በረንዳው አየ። ሙሴ ፍሬኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። «አንቺ ትችያለሽ?» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ተሳፍሮ ሄደ።

የዚያን ሳምንት ልጃቸው ስትደውል ስልኩን እኔ ነበርኩ ያነሳሁት። ባልደረባቸው ነግሯታል። «አባቴ እንዳይወጣበት» አለችኝ። «ቃል ግቢልኝ። አንቺ ነሽ ከሱ ጋር ያለሽው።»

«እሺ ማዳም።»

እሺ አልኩ እንጂ ምን ላደርግ እንደምችል አላውቅም ነበር። የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤቱም በሩም ብስክሌቱም የሳቸው ነው። ባለቤቱ በሬን ክፈቺ ሲሉ በምን አፌ አልከፍትም እላለሁ? ለሙሴ ልጅዎ እንዲህ ብላለች አልኳቸው። ሰሙኝ፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሩቅ ሆኖ መፍራት ቀላል ነው» አሉና ቁልፉን እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሼ አንድ ቀን ጭነቱ ወደቡ ላይ ሲዘገይበት ሊጠይቀኝ መጣ። በረንዳው ላይ ብስክሌቱን ሲያይ ዙሪያውን ዞረው። ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ያበራል። ሙሴ ሳሎን ተኝተዋል።

«ይሄ ሰውዬ ሊወጣበት ነው አይደል?» አለኝ።

«መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፔዳሉን ፍቺና ደብቂው።»

«ለምፈታው ነገር ሁሉ ቁልፉን የሚያቀብሉኝ እሳቸው ናቸው ጋሼ። የት ሄደ ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«ጠፋ በይ።»

«እኔ በያዝኩት ቤት ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም።»

ሹፌር ነው፤ ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቃል። የፊተኛውን በጣቱ ነካ አድርጎ ጎማውን ገፋው። ጎማው ቀጥ አለ። «እናቴ!» አለ። «ይሄማ ይነክሳል።»

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ሞከርኩ። የሁለቱንም ጎማ አየር አስተነፈስኩት። ሙሴ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው፣ «ሙቀቱ ነው» አሉ። «ንፊው ልጄ።» ፓምፑን አምጥቼ ነፋሁት። ላቤ ከአገጬ እየተንጠባጠበ፣ ያስተነፈስኩትን ራሴ መልሼ ነፋሁት። ከዚህ የባሰ አቅመ ቢስነት እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ብርዱ በገባበት ወር ነው፤ ጅቡቲ ብርድ የሚባለው ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከባሕር ቀዝቀዝ ብሎ ሲመጣ ነው። ዓርብ ነበር፤ ሰፈሩ ገና አልነቃም። ሙሴ ከመኝታ ቤታቸው የድሮ የብስክሌት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ምንም አልተናገሩም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉልኝ።

«ሙሴ፣ እባክዎን» አልኳቸው።

«ማሰሪያውን አጥብቂው።»

«ልጅዎ ...»

«እስከ ጥግ ብቻ። እስከ ነጩ ግድግዳ። ደርሼ እመለሳለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ለወጥ አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ሲሄድ ካላየሁት ለምን ሠራነው?»

ማሰሪያውን አጠበቅኩ። በሩን ከፈትኩ። ከደጃችን ያለው መንገድ አስፋልት የለውም፤ ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ወደ ጥጉ ትንሽ ዘቅዘቅ ይላል። ብስክሌቱን አዘንብዬ ያዝኩላቸው፣ የጎረቤቱ ዘበኛም ሲያየን መጥቶ በሌላ በኩል ያዘ። እግራቸውን ለማሻገር ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ዘበኛው በሶማሌኛ ራሱን ራሱን ያወራ ነበር። ከዚያ ሙሴ «ልቀቁ» አሉ፤ ለቀቅን።

ሄዱ።

ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ሳወራ የሚያምነኝ ጥቂት ነው። ሳሎኑን ማቋረጥ ያቃታቸው ሰው፣ ደፉን ለማለፍ እጄን የሚጠብቁ ሰው፣ ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጡ ቀጥ ብለው ሄዱ። እግራቸው አልተያዘም። ትከሻቸው አልተንቀጠቀጠም። ካቴናው ድምፅ የለውም፤ ማርሹ ሲቀየር ጠቅ ይላል፣ በቃ። ነጩ ግድግዳ ደርሰው ሰፋ አድርገው ዞሩ፤ ፊታቸውን ወደ እኛ አደረጉ። ዘበኛው አጨበጨበ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ በሽታው ውሸት መሰለኝ።

በሳቸውና በእኛ መሀል ካለ አጥር ጥግ ፍየሎች ወጡ። በዚያ ሰፈር ፍየል ሁሌም አለ፤ ካርቶን የሚበሉ፣ ማንንም የማይፈሩ። ሩቅ ነበሩ፤ ለማቆም ብዙ ቦታ ነበራቸው። ቀስ ብለው ፍሬን ቢይዙ ይበቃ ነበር። እጃቸው ግን ቀስ ማለት ትቷል። አንዴ ሲጨብጥ ሙሉ ለሙሉ ይጨብጣል፣ ለመልቀቅም ይዘገያል። የድሮው ፍሬን ቢሆን ያንን ሁሉ ጭብጥ ተቀብሎ ቀስ እያለ ያቆማቸው ነበር። አዲሱ በአንድ ጣት የሚይዝ ነው። የፊት ጎማው ባለበት ደረቀ፣ የኋላው ተነሳ፣ ሙሴ በመሪው ላይ አልፈው በጎናቸው ወደቁ።

ስሮጥ ጫማዬ ወልቆ ቀርቷል። ስደርስ ዓይናቸው ተከፍቶ ሰማይ ያያሉ። ፊታቸው ጠጠር ተለጥፎበታል። ልንካቸው ፈራሁ። እግራቸው አንደኛው ወደ ውጭ ተጣሞ አጠር ብሏል። ዘበኛው ታክሲ ፍለጋ እየጮኸ ሮጠ። እኔ ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ በነጠላዬ ፀሐዩን ከለልኩላቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጎንበስ አልኩ።

«ፍሬኑ ይሠራል» አሉኝ።

ሆስፒታል ውስጥ የሚያስተናግደው ሰው «ምናቸው ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሠራተኛቸው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ማንም ምንም አልነገረኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሲያልፍ ግድግዳው ላይ እለጠፋለሁ፤ በሩ ሲከፈት አንገቴን አሰግጋለሁ። ለልጃቸው የደወልኩት ከዚያው ነው። ወደቁ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ዳሌ የሚለውን ግን አላውቀውም ነበር። እግር፣ ላይ፣ ላይ እያልኩ ስደጋግም እሷ ራሷ ቃሉን ነገረችኝና ማልቀስ ጀመረች።

መጣች። ቁጡ ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ ቁጡ አልነበረችም፤ ያ ይበልጥ ከበደኝ። አጭር ጸጉር ያላት፣ አባቷን የምትመስል ሴት ናት። ቤት ስትገባ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ቆመች። መሣሪያው በጨርቅ ላይ ተደርድሮ፣ ያልገጠሙት ዕቃዎች በቆርቆሮ ሞልተው፣ ዘበኛው ያመጣው ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፎ። ጠጠር ትንሽ መሪውን ጫር ጫር አድርጎታል እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

«ይህን ሁሉ አብራችሁ ነው የሠራችሁት?»

«አዎ ማዳም።»

«ደስ ብሎት ነበር?»

«በጣም» አልኩ።

እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ውሃ አመጣሁላት። ይቅርታ ልበላት ፈልጌ ነበር፤ ግን ለየትኛው? በር ስለከፈትኩ? ጫማ ስላሰርኩ? ወይስ ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቄ ስላሰርኩ?

ልጃቸው አንስታ ወደ አገራቸው ወሰደቻቸው። ከመሄዳቸው በፊት ሆስፒታል ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አእምሯቸው ደብዘዝ ብሎ ነበር። እጄን ይዘው በሟች ሚስታቸው ስም ጠሩኝ፣ መብራቱን አጥፊው አሉኝ። መብራት አልነበረም፤ ቀን ነው። ተነስቼ መጋረጃውን ዘጋሁላቸው። «መርሲ» አሉ። አምቡላንሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ የኋላ መስኮቱ ጥቁር ስለሆነ አላየኋቸውም።

ልጃቸው ቤቱን ሸጣ ለገዢው አስረከበች። ብስክሌቱን «አንቺ ውሰጂው» አለችኝ። እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም። እያንዳንዱን ብሎን አውቀዋለሁ፣ ፈትቼ ልገጥመው እችላለሁ፤ መንዳት ግን አልችልም። አዲስ ሥራ ያገኘሁት ካርቲየ 3 ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ፣ እኔ የምተኛው ከዱቄት ጆንያ ጎን። ማስቀመጫ አልነበረም። ጋሼ መኪናው ላይ አስሮ አዳማ ወሰደው፤ የሚስቱ ወንድም ሥራ ይሄድበታል ብሎ። ትንሽ እንደቆየ ፍሬኑ ዘይት አንጠባጠበ፤ እሱን የሚያውቅ ጠጋኝ፣ ዘይቱንም የሚሸጥ ሰው አልተገኘም አለኝ። አንስተው ተራ የሽቦ ፍሬን ገጠሙለት።

«አሁን ደህና ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይቆማል» አለኝ ጋሼ። «እየጮኸም ቢሆን ይቆማል።»

ልጃቸው ደግ ሴት ናት፤ አልረሳችኝም። አልፎ አልፎ ትደውልና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። አብረን ስንኖር ቋንቋ ቸግሮን አያውቅም ነበር። እሳቸው በጣታቸው ያሳያሉ፣ እኔ ዕቃውን አነሳለሁ፣ ቃሉ ከዚያ ይከተላል። በስልክ ግን ማሳየት የለም። ድምፃቸውም በሽታው እያቀጠነው ሄዶ፣ ቃሎቹ ጠርዛቸው ተበልቶ፣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይመጣሉ። «ዊ ሙሴ» እላለሁ፤ አዎ ማለቴ ነው። «ዊ፣ ዊ።» ምን እንደተስማማሁ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ጫት ይዞ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ደወለች። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሙሴ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ረዥም ነገር ተናገሩ። መጨረሻው ከፍ ብሎ ነበር፤ ጥያቄ ነው። ከመሀሉ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጎማ የሚለውን። «ሙሴ፣ ቀስ ብለው፣ እንደገና» አልኳቸው። እንደገና ተናገሩ። አሁንም ጎማ። የአዲሷ አሠሪዬ ልጆች ግቢው ውስጥ ይጯጯሃሉ፤ አንዱን ጆሮዬን በእርጥብ እጄ ደፈንኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ትንፋሻቸው ብቻ ተሰማኝ፤ ይጠብቁኛል። ዊ ልበል፣ ኖን ልበል አላወቅሁም። የቱ እንደሚያስደስታቸው አላወቅሁም።

ልጃቸው ስልኩን ወሰደች።

«ምንድን ነው የጠየቁኝ ማዳም?»

«እኔም አልሰማሁትም» አለች። «እኔም አሁን አሁን አልሰማውም።»

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ማረፋቸውን አንድ ቀን ሩዝ እየለቀምኩ ሳለሁ በስልክ በጽሑፍ ላከችልኝ፤ ፈረንሳይኛ ማንበብ ስለማልችል የአሠሪዬ ትልቋ ልጅ ናት ያነበበችልኝ። አንብባ ስትጨርስ «ዘመድሽ ናቸው?» አለችኝ። አይደሉም አልኳት። ፊቴን አይታ ስልኬን ቀስ ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ከጎኔ ቁጭ ብላ የቀረውን ሩዝ አብራኝ ለቀመች።